የዋስትናው ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው

«የተከበሩ እህቴ፣ የጌታ ሰላም ይብዛልዎት።

የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ደመወዜ 18 ሺህ ብር ነው። ባለቤቴ የሜትር ታክሲ ሹፌር ነው።

በቤት ኅብረታችን ውስጥ እንደ እህቴ የማያት ጓደኛ አለችኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት አሁን 7 ዓመት የሆነው ልጄ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ፣ 11 ቀን ሙሉ ምሳ ዕቃ ይዛ የተመላለሰችው እሷ ናት። አሁን ባሏ ዳቦ ቤት ሊከፍት 400 ሺህ ብር ብድር ጠይቋል። አበዳሪው ደመወዝተኛ ዋስ አምጣ ብሎታል። ሁለቱም መጥተው ‹ስንጸልይ ያንቺ ስም ነው የመጣልን› አሉኝ። ጓደኛዬም ‹ጌታ ላንቺ ዋስ ሆኖልሽ የለ?› አለችኝ። ምን ልበላት?

ከመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ አጽፌያለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ከተቀመጠ ሁለት ሳምንት ሆነው። ማታ ማታ ጥበብ ስጠኝ እያልኩ እጸልያለሁ። ዓይኔን ጨፍኜ መጽሐፍ ቅዱስ ስከፍት አንድ ቀን ‹አትፍራ› የሚል ወጣልኝ። በማግስቱ የትውልድ ሐረግ ዝርዝር ወጣ። ‹ፈቃድህ ካልሆነ እሁድ ከአምልኮ በፊት ትደውልልኝ› ብዬ ምልክት ጠየቅኩ። ደወለች፤ ግን የደወለችው ለሌላ ጉዳይ ነበር። ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ እምቢ እንደሚል አውቃለሁ። እስከ ወሩ መጨረሻ ይጠብቁኛል። እግዚአብሔር ጥበብ ለሚለምነው ሁሉ እሰጣለሁ ብሎ የለ? ታዲያ እኔን ለምን ዝም አለኝ?»

እህቴ፣ የጌታ ሰላም ላንቺም ይብዛ።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ዓይኔ የቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው። «ለባለቤቴ አልነገርኩትም፤ እምቢ እንደሚል አውቃለሁ» ያልሽው ላይ።

እግዚአብሔር ዝም ያለሽ አይመስለኝም። መልሱ ማታ ማታ እራት ገበታሽ ላይ ከፊትሽ ይቀመጣል። አንቺ ግን በዚያ በኩል እንዳይመጣ በሩን ዘግተሽዋል። ይህን የምልሽ ልኮንንሽ አይደለም። እኔም ያንን በር ዘግቼ አውቃለሁ።

የዛሬ 14 ዓመት ገደማ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ዋስ ሆኜ ፈረምኩ። ደግ ሰው ነበር፤ ዛሬም ክፉ ነው አልልም። ከመፈረሜ በፊት ጸልያለሁ። ግን ያንን ጸሎት አሁን ሳስታውሰው «ጌታ ሆይ ባርክልን» ከማለት አያልፍም ነበር። «ልፈርም ወይ?» ብዬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። ወረቀቱንም አላነበብኩትም። ጸሐፊዋ ጣቷን ያስቀመጠችበት ቦታ ላይ ፈርሜ ወጣሁ። ስምንት ወር ሳይሞላ ንግዱ ከሰረ፤ እሱም ከአገር ወጣ። ከዚያ በኋላ 26 ወር ከደመወዜ ሲቆረጥ ኖረ። ገንዘቡን ረስቼዋለሁ። ያልረሳሁት በመጀመሪያው ወር ደመወዜ ጎድሎ ሲያይ የባለቤቴን ፊት ነው። «ለምን ዋስ ሆንሽ?» አላለኝም። «ለምን አልነገርሽኝም?» ነው ያለኝ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። የያዝሽው ቃል ያዕቆብ 1፥5 ነው። «ከእናንተ ግን ማንም ጥበብ ቢጎድለው፥ ሳይነቅፍ በልግስና ለሁሉ የሚሰጠውን እግዚአብሔርን ይለምን፥ ለእርሱም ይሰጠዋል።» እውነተኛ ቃል ነው፤ ያዢው፤ አትልቀቂው። ነገር ግን ቃሉ ቃል የሚገባልሽ ምን እንደሆነ ልብ በዪ። ጥበብ ይሰጠዋል ነው የሚለው። አንቺ ግን ስትጠብቂ የቆየሽው «ፈርሚ» ወይም «አትፈርሚ» የሚል አጭር መልእክት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

በአማርኛችን ጥበብ የሚለው ቃል የሀበሻ ቀሚስ ላይ የሚሠራውንም ጌጥ ይጠራል። ሽሮ ሜዳ ሄደሽ ሸማኔ ሲሠራ አይተሽ ከሆነ፣ ክሩን እየቆጠረ ነው የሚሄደው። አንዱን ክር ከሳተ ጥበቡ ይዛነፋል። መጽሐፍ ቅዱስም ጥበብን እንዲሁ ከእጅ ሥራ ጋር ያገናኘዋል። በዘጸአት 31 ላይ እግዚአብሔር መንፈሱን እንደሞላበት የመሰከረለት ባስልኤል ነቢይ አልነበረም። ባለ እጅ ነበር፤ ወርቅና ብር የሚሠራ፣ ድንጋይ የሚቀርጽ፣ እንጨት የሚጠርብ። በምዕራፍ 35 ላይ ሸማኔም አብሮ ተጠርቷል። እነዚህ ሰዎች የእግዚአብሔርን መንፈስ የተሞሉት እንዲለኩ፣ እንዲቆርጡ፣ እንዲቆጥሩ ነው።

አንቺ ደግሞ የሒሳብ ሠራተኛ ነሽ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ሒሳብ ስታስታርቂ ኖረሻል። አንድ ደንበኛ ሰነድ ሳያሳይ «ጸልየናል፤ ክፈሉን» ቢልሽ ምን ትዪዋለሽ? ሰነዱን አምጣ ነው የምትዪው። ይህ ችሎታ ከእግዚአብሔር የተሰጠሽ ነው። ታዲያ ለቤትሽ ጉዳይ ሲሆን ለምን ቢሮ ጥለሽው ትመጫለሽ?

ስለ መጽሐፍ ቅዱሱም አንድ ነገር ልበል። ዓይንሽን ጨፍነሽ ከምትከፍቺው፣ ዓይንሽን ገልጠሽ ምሳሌን ብትከፍቺ ኖሮ ጥያቄሽን በስሙ ታገኚው ነበር። ምሳሌ ስለ ሰማይ ብቻ የሚያወራ መጽሐፍ አይደለም። ስለ ገበያ ሚዛን ይናገራል። ጎረቤት ቤት እግር አታብዛ፣ ይሰለችሃል ይላል። ማለዳ ተነሥቶ በታላቅ ድምፅ ወዳጁን የሚመርቅ እንደሚራገም ይቆጠርበታል ይላል። ስለ ዋስ ደግሞ በ6፣ በ11፣ በ17፣ በ20፣ በ22 እና በ27ኛው ምዕራፍ ይናገራል። በስድስት ምዕራፍ! በምዕራፍ 22 ላይ የምትከፍለው ከሌለህ መኝታህ ከሥርህ ለምን ይወሰዳል ብሎ ይጠይቃል። በምዕራፍ 6 ላይ ደግሞ ዋስ ሆነህ በቃልህ ከተጠመድህ ሂድ፣ ራስህን ዝቅ አድርግ፣ ለምን፤ እስክትወጣ ድረስ እንቅልፍ አይያዝህ ይላል። እንደ ሚዳቋ ከአዳኝ እጅ አምልጥ ይላል። አንቺ ገና አልፈረምሽም። የሚዳቋዋ እግር ገና ወጥመዱ ውስጥ አልገባም።

ታዲያ ዋስ መሆን ኃጢአት ነው? አይደለም። እዚህ ላይ ጓደኛሽ ያነሳችውን ነገር በቁም ነገር ልውሰደው፤ ልብሽን የያዘው እሱ ነውና።

«ጌታ ላንቺ ዋስ ሆኖልሽ የለ?» አለችሽ። አዎ፣ ሆኗል። ዕብራውያን 7፥22 ኢየሱስ ለሚሻል ኪዳን ዋስ ሆነ ይላል። እኛም በጸሎታችን «ዋስ ጠበቃዬ» እንለዋለን። ግን እንዴት ያለ ዋስ ነው የሆነው? ዋጋውን አውቆ፣ የሚከፍለው ነገር በእጁ ይዞ፣ ከአባቱ ጋር አንድ ሐሳብ ሆኖ ነው። አባቱን ደብቆ አይደለም። ይሁዳንም ተመልከቺ። በዘፍጥረት 43 ላይ ስለ ብንያም «እኔ እዋሳለሁ» አለ። ይህን ያለው አባቱ ያዕቆብ ፊት ቆሞ ነው። ቀኑ ሲደርስም በምዕራፍ 44 «በልጁ ፋንታ እኔ ባሪያ ልሁን» ብሎ ራሱን አቀረበ። የሌላ ሰው ልጅ ወይም የራሱን ልጆች አላቀረበም። ጳውሎስም ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ፣ ዕዳ ካለበት በእኔ ላይ ቁጠረው፣ እኔ እከፍላለሁ ብሎ በገዛ እጁ ጻፈ። የሚሰጠውን የሚያውቅ ሰው ፊርማ ነው።

አንቺ ከፈረምሽ ማን ነው የሚከፍለው? አንቺ ብቻ አይደለሽም። ባለቤትሽ ሳያውቅ ይከፍላል። የ7 ዓመቱ ልጅሽና ታናሹም ይከፍላሉ። የራስን መስጠት ፍቅር ነው። እነሱን ሳትጠይቂ የእነሱን መስጠት ግን ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ ይሉኝታ የምንለው ነገር እዚህ ጋ ይመጣል። እኛ አገር ብዙ ሰው ይሉኝታን ከፍቅር መለየት ያቅተዋል። እኔም ያቅተኝ ነበር። አንዳንዴ ጸሎታችን ውስጥ ገብቶ የእግዚአብሔርን ድምፅ መስሎ ይናገራል። «እምቢ ብል ምን ይሉኛል? መንፈሳዊ አይደለችም ይሉኛል። ኅብረቱ ሁሉ ይሰማል። ውለታ ቢስ እባላለሁ።» ይህ ድምፅ ሌሊት ሲቀሰቅሰን ጸሎት የምንጸልይ ይመስለናል። በእውነት ግን ከሰው አፍ ጋር ነው የምንሟገተው። እኔ ለመለየት የምጠቀምበት አንድ ጥያቄ አለኝ። «ይህን ነገር ማንም ሳያውቅ ባደርገውስ አደርገው ነበር? ማንም ሳያውቅ ብተወውስ ሰላም ይኖረኝ ነበር?» እስኪ ዛሬ ማታ ጠይቂው። ጓደኛሽ ፈጽሞ እንደማትቀየምሽ ብታውቂ ኖሮ ትፈርሚ ነበር? መልሱ «አልፈርምም» ከሆነ፣ እስክሪብቶውን የያዘው ፍቅር አይደለም።

ውለታው ግን እውነተኛ ነው። እሱን አላቃልልብሽም። ልጅ ታሞ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ የተቀመጠች እናት ምሳ ዕቃ ይዛ የምትመጣላትን ሴት ዕድሜ ልኳን አትረሳም። መርሳትም የለባትም። ግን ውለታ በምን ይከፈላል? ጓደኛሽ ያኔ የሰጠችሽ ያላትን ነው። ጊዜዋን፣ እንቅልፏን፣ ከምድጃዋ ያወጣችውን ወጥ። የሌላትን አልሰጠችሽም። አንቺም ያለሽን ስጪ። 400 ሺህ ብር የለሽም እህቴ። በሌለ ገንዘብ ውለታ አይመለስም።

«ስንጸልይ ያንቺ ስም ነው የመጣልን» ስላሉሽም ልናገር። ዋሽተዋል አልልም። የተጨነቀ ሰው ሲጸልይ የሚያምነው ሰው ስም ወደ ልቡ ይመጣል፤ ያውም ደመወዝተኛ ከሆነ። ቃሉ ግን «ትንቢትን አትናቁ፤ ሁሉን ፈትኑ፥ መልካሙን ያዙ» ይላል፤ አንደኛ ተሰሎንቄ 5። መፈተን መናቅ አይደለም። መፈተኛውንም ያው የያዕቆብ መልእክት በምዕራፍ 3 ሰጥቶናል። ላይኛይቱ ጥበብ በመጀመሪያ ንጽሕት ናት፣ ከዚያ ታራቂ፣ ገር፣ እሺ ባይ ናት ይላል። ገር የሆነ ነገር አያስጨንቅም። እሺ ባይ የሆነ ነገር «ባለቤቴን ላማክር» ስትዪ አይቆጣም። ለእነሱ ስምሽን የነገረ ጌታ ለአንቺና ለባለቤትሽም መንገር አያቅተውም።

ስለ ስልኩ ምልክት ብዙ አልልም። ጌዴዎን የበግ ጠጉር ዘርግቶ ምልክት የጠየቀው፣ እግዚአብሔር ምን እንዲያደርግ እንደሚፈልግ በግልጽ ከነገረው በኋላ ነው። ያላወቀውን መንገድ ለማወቅ አልነበረም።

ይልቅ ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ታሪክ አለ፤ ላንቺ ጉዳይ የተጻፈ ይመስለኛል። ኢያሱ 9 ላይ የገባዖን ሰዎች ወደ እስራኤል መጡ። አሮጌ ጆንያ፣ የተጠጋገነ የወይን ጠጅ አቁማዳ፣ ያረጀ ጫማ፣ የሻገተ እንጀራ ይዘው። «ከሩቅ አገር መጣን፤ ቃል ኪዳን ግቡልን» አሉ። አለቆቹ እንጀራውን አዩ፣ አመኑ፣ ማሉላቸው። «እግዚአብሔርንም አልጠየቁም» ይላል። ከሦስት ቀን በኋላ ሰዎቹ ጎረቤት ሆነው ተገኙ! መሐላው ግን አልፈረሰም፤ እስራኤል ተሸክሞት ኖረ። ሦስት ቀን ብቻ ቢታገሡ ኖሮ እውነቱን ያውቁ ነበር።

ከዘመናት በኋላ ደግሞ ሰሎሞን ሊሠዋ ወደ ገባዖን ወጣ። እግዚአብሔር በሌሊት በሕልም ተገልጦ «ምን እንድሰጥህ ለምን» ያለው እዚያ ነው። እስራኤል ሳይጠይቁ የማሉላቸው የእነዚያ ሰዎች ከተማ። ሰሎሞን ሀብት አልለመነም፤ የጠላት ነፍስም አልለመነም። መልካሙንና ክፉውን የሚለይ አስተዋይ ልብ ለመነ። ደግሞም እዩት፣ ከሕልሙ ነቅቶ ከተመለሰ በኋላ የተጻፈለት የመጀመሪያ የፍርድ ሥራ ሁለት ሴቶች ስለ አንድ ሕፃን ሲከራከሩ ቁጭ ብሎ መስማት ነው። የአንዷን ሰማ፤ የሌላዋን ሰማ፤ መረመረ። የተሰጠው ጥበብ ሥራ የጀመረው እንዲህ ነው።

አንቺም እንግዲህ ቁጭ ብለሽ ስሚ። ሥራው ዛሬ ማታ ይጀመር።

መጀመሪያ ባለቤትሽ። ልጆቹ ሲተኙ ደብዳቤውን ከቦርሳሽ አውጥተሽ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። «ሁለት ሳምንት ደብቄሃለሁ፤ ይቅርታ አድርግልኝ» በዪው። ልታሳምኚው ብለሽ አትጀምሪ። እሱ ምን እንደሚል ስሚ። እምቢ እንደሚል አውቃለሁ ብለሻል። ለምን እምቢ እንደሚል ግን ታውቂያለሽ? ምናልባት አንቺ የማታዪው ነገር ያይ ይሆናል። ምናልባትም ያልጠበቅሽው ደግነት ይወጣው ይሆናል። ሕጉም ቢሆን ይህን ይጠይቅሻል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ ለሆነ የሌላ ሰው ዕዳ ዋስ ለመሆን የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ተደብቆ የሚያልፍ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ ወረቀቱ። ጓደኛሽን የውሉን ቅጂ ጠይቂያት። ሳላነብ አልወስንም ማለት ነውር አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ዋስትና በጽሑፍ እንዲሆንና ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን እንዲገለጽ ያዛል። ያንን ቁጥር ፈልጊ። «በአንድነትና በነጠላ» የሚል ሐረግ ካለበት ደግሞ ቆም በዪ። አበዳሪው ተበዳሪውን በፊት ሳይከስ በቀጥታ አንቺ ጋ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። እኔ ያኔ ያላነበብኩት ሐረግ እሱ ነበር።

ከዚያ ሒሳቡ። ሉቃስ 14 ላይ ጌታ ግንብ ሊሠራ ስለሚፈልግ ሰው ሲናገር፣ አስቀድሞ ተቀምጦ የማይቆጥር ማን ነው ይላል። ተቀምጦ ነው ያለው። አንቺ እስካሁን በእግርሽ ቆመሽ ነው ስታስቢ የከረምሽው። እስኪ አብረን እንቁጠር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ከደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከሲሶው እንዳይበልጥ ይላል። የ18 ሺህ ሲሶ 6 ሺህ ነው። ዳቦ ቤቱ ቢዘጋና 400 ሺሁ ሁሉ አንቺ ላይ ቢቀር፣ ወለዱን ትተሽ ዋናው ብቻ በወር 6 ሺህ ሲከፈል 67 ወር ይፈጃል። አምስት ዓመት ከሰባት ወር። ልጅሽ ያኔ 12 ዓመት አልፎታል። የትምህርት ቤቱን ክፍያ፣ የቤት ኪራዩን፣ መኪናው አንድ ቀን ተበላሽቶ ባለቤትሽ የሚቆምበትን ወር ደምሪበት። ድሮ አበዳሪና ተበዳሪ አንድ ላይ ታስረው ቁራኛ ይሆኑ ነበር። ዛሬ ሰንሰለቱ የለም፤ «የዕዳ ቁራኛ» የሚለው ቃል ግን በአፋችን ቀርቷል። ትርጉሙን የሚያውቀው የደረሰበት ነው።

ሌላ ሰውም አማክሪ። አበው «መካሪ የሌለው ንጉሥ ያለ አንድ ዓመት አይነግሥ» ይላሉ። ግን መካሪሽን ምረጪ። ከኅብረቱ ባይሆን ይሻላል፤ በጉዳዩ የሚጠቀም ወይም የሚቀየም ሰው አይሁን። የሚጸልይ፣ ደግሞም ገንዘብ የሚያውቅ ሰው ፈልጊ። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ካልተገኙ ሁለት ሰው ጠይቂ።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቅሽኝ፣ በ400 ሺህ ብር ዋስ አትሁኚ። ይህን ስል ልቤ ሙሉ ነው። ከባለቤትሽ ጋር ተቀምጣችሁ፣ ቢጠፋም ሳናዝን የምንከፍለው ይህን ያህል ነው ብላችሁ ከተስማማችሁ ግን ሌላ መንገድ አለ። ለዚያች ለምትችሉት መጠን ብቻ፣ ቁጥሩ ተጽፎ፣ ሁለታችሁም አውቃችሁ ፈርሙ። ወይም እንዲያውም የተሻለው፣ ከቁጠባችሁ የሆነች ገንዘብ በስጦታ ስጧቸው። ብድር አትበሉት። ስጦታ ከሆነ ወዳጅነቱ ውስጥ ዕዳ አይገባም። ችሎታሽንም ስጪ። ዳቦ ቤቱ ምን ያህል ያስወጣል፣ በቀን ስንት ዳቦ ቢሸጥ ያዋጣል፣ ሊጥ ማቡኪያውን አሮጌ ገዝቶ በትንሹ መጀመር ይቻል እንደሆነ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ከባሏ ጋር ቁጭ ብለሽ ሥሪለት። ይህ እርዳታ ከፊርማሽ የበለጠ ሊጠቅመው ይችላል። ሒሳቡ የማያዋጣ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ከትልቅ ዕዳ አዳንሻቸው ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደው እሷን ፊት ለፊት መንገሩ ነው። በስልክ አታድርጊው። በጽሑፍ መልእክትም አትላኪው። ወሩ እስኪያልቅም አታቆያት፤ ሌላ ዋስ ለመፈለግ ጊዜ ያስፈልጋቸዋል። ሰበብ አትፍጠሪ። «መሥሪያ ቤቴ ከለከለኝ» ብትዪ ይቀልሽ ይሆናል፤ ግን ላይኛይቱ ጥበብ በመጀመሪያ ንጽሕት ናት ብለናል። እንዲህ በያት፦ «ከባለቤቴ ጋር ተነጋገርን። ይህን ያህል ዕዳ ቢመጣብን መክፈል አንችልም። መክፈል የማልችለውን ነገር እከፍላለሁ ብዬ መፈረም ውሸት ይሆንብኛል። አንቺን እወድሻለሁ። ማድረግ የምንችለው ይህ ነው።» ከዚያ ዝም በዪ። ብታለቅስ አብረሽ አልቅሺ። ብትቆጣ ቁጣዋን ታገሺ፤ መልስ አትስጪ።

ትቀየምሽ ይሆን? ልትቀየም ትችላለች። ለጥቂት ሳምንት በኅብረት ላይ ራቅ ብላ ልትቀመጥ ትችላለች። ያማል፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ያን ጊዜ ባለመፈረሜ ሳይሆን በመፈረሜ ነው ወዳጄን ያጣሁት። ባለዕዳው እኔን ለማየት አፍሮ ስልኬን ማንሳት አቆመ። ጓደኛሽም ዳቦ ቤቱ ቢከስር መንገድ ላይ ስታይሽ መንገድ ትቀይራለች። ዛሬ የምትቀየምሽ ከሆነ ግን ነገ ቤቷ ገብተሽ መታረቅ ትችያለሽ።

ጸሎትሽን አታቁሚ፤ ትንሽ ብቻ ለውጪው። «ምልክት ስጠኝ» ማለቱን ተዪና «እውነቱን እንድናገር ድፍረት ስጠኝ፤ እሷን ሳላቆስል የምናገርበት አፍ ስጠኝ» በዪ። ነህምያ በንጉሡ ፊት ጽዋ ይዞ ሲቆም፣ በጥያቄና በመልስ መካከል ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ። ለረጅም ጸሎት ጊዜ አልነበረውም። በሯን ስታንኳኪ አንቺም እንደዚያ ጸልዪ።

ስትሄጂ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ጠዋት ተነሥተሽ የምትወደውን ወጥ ሥሪ። በምሳ ዕቃ ያዢላት።